ስለ ሰጋቱራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማዳበሪያ አንጠልጥለው እንጨት ቤታችን በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው።

ሰጋቱራ ምንድን ነው?

እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ፣ በማሽን ሲሰነጠቅ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ የሚረግፈው ዱቄት ነው። መጋዝ እንጨትን ለሁለት የሚከፍለው የጥርሱን ስፋት ያህል እየበላ ነው። አንድ ግንድ ጣውላ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በእያንዳንዱ መስመር ጥቂት ሚሊሜትር እንጨት ዱቄት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሲሰነጥቅ በዋለ ማሽን ሥር ጉልበት የሚደርስ ክምር የሚገኘውም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ሦስት ዓይነት ይለያል። ከመሰንጠቂያ የሚወጣው እንደ ቂንጬ ሻካራ ነው። ከብርጭቆ ወረቀት የሚወጣው እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። ከመላጊያ የሚወጣው ግን ዱቄት ሳይሆን ቀጭን ጥቅልል ነው። ብዙ ሰው ሦስቱንም ሰጋቱራ ይላቸዋል፤ ለምድጃ፣ ለዶሮና ለስንጥቅ መድፈኛ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከጣሊያንኛ። "ሴጋሬ" በመጋዝ መቁረጥ ማለት ነው፤ ከቆረጣው የሚረግፈው ደግሞ "ሴጋቱራ" ይባላል። እንጨት ቤት የዋለ ሰው ጣሊያንኛ ሳይማር ጣሊያንኛ ያወራል፦ ኮምፔርሳቶ፣ ሞራሌ፣ ኮላ፣ ስቱኮ። "የመጋዝ ብናኝ" ወይም "የእንጨት ዱቄት" ማለትም ይቻላል፣ ጽሑፍ ላይ ያምራል። ሰንጣቂው ዘንድ ሄዶ "የእንጨት ዱቄት አለ?" ያለ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ፈገግታ ነው።

ውጭ አገር ሆነው ለዶሮ ወይም ለአትክልት ለሚፈልጉት፣ በእንግሊዝኛ ሶውደስት፣ በዓረብኛ ኒሻራ፣ በዕብራይስጥ ኔሶሬት ብለው ይጠይቁ።

የት ይገኛል? ስገዛ ምን ልይ?

ከእንጨት መሰንጠቂያና ከፈርኒቸር ቤቶች ይገኛል። የሚሸጠው በማዳበሪያ ነው (ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን እንጂ ዩሪያውን አይደለም)። አንዳንዱ ቤት ቦታ ስለሚይዝበት ብቻ በነጻ ያስጭናል።

ሲገዙ እጅዎን እስከ ክርን ድረስ ወደ ማዳበሪያው ሆድ ይስደዱ። ላይ ላዩ ደረቅ ሆኖ ሆዱ የራሰ ብዙ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ ደጅ ያደረ። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ከተበተነ ደረቅ ነው፤ የጣትዎን ቅርጽ ይዞ እንደ ጭብጦ ከቀረ እርጥብ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ "ከጣውላ ነው ወይስ ከችፑድ?" (ችፑድ ከእንጨት ስብርባሪና ከሙጫ የታመቀው ሰሌዳ ነው)። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው የሚያርፈው።

የሰጋቱራ ምድጃ እንዴት ይሞላል?

አንድ የቀለም ባልዲ ወይም ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ይበቃል። ከታች፣ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቡጢ የሚያሾልክ ቀዳዳ በጎኑ ይከፈታል። መሃል ላይ ጠርሙስ ይቆማል፤ በጎኑ ቀዳዳ ደግሞ ድቡልቡል እንጨት አግድም ገብቶ ከጠርሙሱ ሥር ጋር ይገናኛል። ከዚያ ሰጋቱራው በዙሪያቸው እፍኝ እፍኝ እየተጨመረ ይጠቀጠቃል። ጠርሙሱና እንጨቱ ሲወጡ ከታች ገብቶ ሽቅብ የሚታጠፍ የነፋስ መንገድ ይቀራል። እሳቱ በጭራሮ ከታች ይለኮሳል።

ዋናው ነገር ጥቅጠቃው ነው። እናቴ ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም ነበር። በዘነዘና ነበር የምትጠቀጥቀው፤ አንድ ድርብ ጨርሳ ሌላውን ከመጨመሯ በፊት በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ከሰረገደ እንደገና ትወቅጣለች። ጠርሙሱንም ሽቅብ አትጎትተውም፤ እንደ ቡሽ እያሽከረከረች፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታወጣው። ግድግዳው አንዴ ከተናደ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ነዋ!

እሳቱ ከመሃል ወደ ዳር እየበላ ይሄዳል፣ ቀዳዳውም እየሰፋ ይመጣል። ጥሩ የተጠቀጠቀ ቆርቆሮ ለሰዓታት ይነዳል፤ ለንፍሮ፣ ለባቄላ፣ ለዶሮ ወጥ፣ አረቄ ለሚያወጡም ሰዎች የሚመቸው ለዚህ ነው፣ እሳቱ አይንቀለቀልም፣ አይደክምም። ድስቱን በቀጥታ ቆርቆሮው አፍ ላይ አይክደኑት። ሦስት ቁራጭ ብረት ወይም ጠጠር አስደግፈው ትንፋሽ ይስጡት። ከተለኮሰ በኋላ ደግሞ ምድጃው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ልጅ በእግሩ ቢመታው ሰጋቱራው ወደ ውስጥ ይወድቅና እሳቱ ይታፈናል፣ ቤቱም ጭስ በጭስ ይሆናል።

ምድጃዬ የሚጨሰው ለምንድን ነው?

ከአሥሩ ዘጠኙ ጊዜ ሰጋቱራው እርጥብ ስለሆነ ነው። እርጥቡ እሳቱን ውሃ በማትነን ያደክመዋል፣ ያልነደደው ጋዝም ጭስ ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ ላይ፣ ላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው በቀን ሁለት ሦስቴ ያገላብጡት።

ደርቆም የሚጨስ ከሆነ የታችኛውን ቀዳዳ ይዩ፤ አመድ ዘግቶት ይሆናል። ከላዩ ሳይሆን ከታች በቀጭን እንጨት ቀስ ብለው ይጥረጉት።

እንጀራ ይጋገርበታል?

አዎ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጋጋሪዎች ይጠቀሙበታል። እዚህ ላይ አይጠቀጠቅም። ምጣዱ ሥር አስቀድሞ በጭራሮ ወይም በባህር ዛፍ ቅጠል እሳት ይያዛል፣ ከዚያ ሰጋቱራው በእፍኝ እየተበተነ ይጣላል። ቦግ ይልና ወዲያው ይበርዳል፤ ሊጡ ከመፍሰሱ በፊት አንድ እፍኝ፣ አክንባሎው ተከድኖ ሌላ አንድ እፍኝ፣ እጅ የራሱን ልክ ይለምዳል።

አደጋውም ያለው እዚያው ነው። የላመ ሰጋቱራ አየር ላይ ሲበተን እያንዳንዷ ቅንጣት በኦክስጅን ተከባ ስለምትነድ እሳቱ ወደ እጅና ወደ ፊት ይመለሳል። ሻካራውን ብቻ ይጠቀሙ፣ ዝቅ ብለው በጎን ይወርውሩ፣ ነጠላዎን ከአንገትዎ ያውርዱ።

የየትኛው እንጨት ሰጋቱራ ይሻላል?

ለማገዶ ከሆነ ክብደት ያለው እንጨት ሰጋቱራው ረጅም ይቆያል። ባህር ዛፍ ጥሩ ነው፣ በገፍም ይገኛል፤ ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጥረት ያተረፈ ነው፣ ሰጋቱራውም ዛሬ ድረስ ያንኑ ሥራ ቀጥሏል። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ሙጫ ስላለው ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ድስት ሳይከደን ከተቀመጠ ወጡ ውስጥ ይገባል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

የችፑድ ወይም የኤምዲኤፍ ሰጋቱራ ማንደድ ይቻላል?

አይቻልም። እዚህ ላይ ለማንም አልለሳለስም።

ችፑድም ኤምዲኤፍም እንጨት ናቸው ማለት ግማሽ እውነት ነው። ችፑድ የሚሠራው ከእንጨት ስብርባሪና ከሰጋቱራ ነው፤ ሙጫ ተቀላቅሎበት በጋለ መጭመቂያ ይታመቃል። ኤምዲኤፍ ከላመ የእንጨት ጭረት በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ሙጫው ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ ሽፋን ይለጠፍበታል። ሲነድ የሚወጣው ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ፎርማልዴሃይድ ራሱ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው። ያ ጭስ ደግሞ የሚወጣው ልጅ የታዘለበት ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ችግሩ ዛሬ አብዛኛው ፈርኒቸር ቤት ጣውላውንም ችፑዱንም በአንድ ማሽን መቁረጡ ነው፤ ሰጋቱራው አንድ ክምር ውስጥ ይገባል። ለመለየት መዳፍዎ ላይ በተን አድርገው ይዩት። የኤምዲኤፍ ዱቄት ወጥ የሆነ ቡናማ ነው፣ እንደ ጥጥ ይያያዛል፣ የእንጨት ሽታ የለውም። የችፑዱ ውስጥ ነጭ ወይም ባለቀለም የሽፋን ፍንጣሪ ይታያል። እንዲህ ያለውን ካዩ ማዳበሪያውን ባለበት ይተዉት። ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ ምሰሶም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ አርሴኒክ አለበት፣ ሰጋቱራው ለምድጃም፣ ለዶሮም፣ ለጓሮም አይሆንም።

ለዶሮ ጉዝጓዝ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን የመላጊያው ጥቅልል ይሻላል። የላመው ሰጋቱራ ሁለት ነውር አለው፦ ዶሮዎቹ ሲጭሩት አቧራው ሳንባቸው ይገባል፣ ጫጩቶች ደግሞ መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። ሌላ ከሌለ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በላዩ ወረቀት ያንጥፉ፣ መኖውን በደንብ ሲለዩ ያንሱት።

ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። ውሃ መጠጫው ዙሪያ የራሰውን በየቀኑ አውጥተው በደረቅ ይተኩ፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ያመጣል፣ ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታም ምቹ ነው።

ጓሮዬ ውስጥ ብጨምረው አፈሩን ያለማል?

ትኩሱን ከአፈር ጋር ካደባለቁት ያደኸየዋል። ይህን ከራሴ ቲማቲም ነው የተማርኩት። ሁለት ማዳበሪያ ሰጋቱራ መደቡ ላይ በትኜ በአካፋ ገለበጥኩት፣ ምርት የምጠብቅ መስሎኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ከታች ጀምረው ቢጫ ሆኑ፣ እድገታቸውም ባለበት ቆመ። ጎረቤቴ መጥተው አንዱን ቅጠል ጎንበስ ብለው አዩና "ልጄ፣ ርቦት ነው" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ሰጋቱራ ውስጥ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 400 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ስለሚያስፈልጋቸው ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ተክሉ ጾሙን ያድራል። ጥሩ ኮምፖስት የሚፈልገው ከ25 እስከ 30 እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰጋቱራውን ከፋንድያ፣ ከዶሮ ኩስ ወይም ከለምለም ሣር ጋር ደርበው፣ እርጥበቱን እየጠበቁ፣ ወራት ያስቆዩት። ከዶሮ ቤት የወጣ ጉዝጓዝ ግማሹን መንገድ ሄዶ የመጣ ነው።

አፈር ላይ ሳይደባለቅ ስስ አድርጎ ማልበስ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ እርጥበትም ይይዛል። የባህር ዛፉን ትኩሱን ችግኝ መደብ ላይ አያድርጉት፤ ዘር እንዳይበቅል ያፍናል። ከቤት ግድግዳ ጋር አስጠግተውም አይከምሩ፣ ምስጥ መጥራት ነው።

የፈሰሰ ዘይት ላይ የሚበተነው ለምንድን ነው?

እንጨት ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ይመጠዋል። ጋራዥ ውስጥ የሞተር ዘይት ሲፈስ በእፍኝ ይነሰነሳል፣ በጫማ ትንሽ ይታሻል፣ ከቆይታ በኋላ ይጠረጋል። ውሃ ነካ የተደረገ ሰጋቱራ ደግሞ ሲሚንቶ ወለል ሲጠረግ አቧራው እንዳይነሣ ይይዛል፤ የእንጨት ወለል ላይ ግን አያድርጉት።

የጠረጴዛ ስንጥቅ በሰጋቱራ ይደፈናል?

ይደፈናል፣ ከስቱኮ ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ከዚያው ከጠረጴዛው እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የወጣውን የላመ ዱቄት ከኮላ (ከእንጨት ማጣበቂያ) ጋር እንደ በሶ ለውሰው ስንጥቁ ውስጥ በቢላዋ ጀርባ ይጫኑት። ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ መጀመሪያውኑ ትንሽ አሳብጠው ይተዉት፣ በማግሥቱ ይሹት።

አንድ ነገር ይወቁ፦ ኮላ የጠጣ ቦታ ቀለም አይጠጣም። ቫርኒሽ ሲቀባ ከዙሪያው ይለያል። ለጠረጴዛ ሆድ እሺ፣ ለፊት ለፊቱ ግን ትንሽ ቁራጭ ላይ ይሞክሩት።

በረዶ በሰጋቱራ ይቆያል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቅንጣቶቹ መሃል የሚታሰረው አየር ሙቀትን አያሳልፍም። ፍሪጅ ሳይፈጠር በፊት ፍሬድሪክ ቱዶር የሚባል የቦስተን ነጋዴ የሐይቅ በረዶ አስቆርጦ በመርከብ ይልክ ነበር፤ ሰጋቱራ የበረዶው ብርድ ልብስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1833 ወደ ህንዷ ካልካታ ከላከው 180 ቶን ገደማ ውስጥ፣ አራት ወር ያህል ባሕር ላይ ቆይቶ፣ 100 ቶን የሚሆነው ሳይቀልጥ ደርሷል። ለሰንጣቂዎቹ ደግሞ እስከዚያ ድረስ የሚጣል ነገር ነበር።

በዚያው ዘዴ የፈላ ድስት ሰጋቱራ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ሽንብራ ቀቅሎ ለማብሰል ይሞከር።

በርበሬና እንጀራ ውስጥ ይቀላቅላሉ ይባላል። እንዴት ላውቅ?

በየጊዜው የሚነሣ ስሞታ ነው፤ ከጀሶና ከሸክላ ዱቄት ጋር የሰጋቱራም ስም ይጠራል። ለዱቄት ነገር ቤት ውስጥ የሚሆነው ቀላል ሙከራ የብርጭቆ ውሃ ነው። ላዩ ላይ ቁንጣሪ በርበሬ ነስንሰው ሳያማስሉ ይጠብቁ። በርበሬው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲወርድ ሰጋቱራ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። የበርበሬ ፍሬ ልጣጭም ትንሽ ሊንሳፈፍ ስለሚችል በዚህ ብቻ ነጋዴ አይክሰሱ፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ናሙናውን ይዘው ወደ ምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ይሂዱ። የተጋገረ እንጀራ ላይ ይህ ሙከራ አይሠራም።

ብናኙ ጤና ይጎዳል?

ይጎዳል፣ በተለይ በየቀኑ ለሚተነፍሰው ለእኛ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ አስቀምጦታል፤ በዋናነት የሚያጠቃው አፍንጫንና በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶች ነው። አስምና የቆዳ ማሳከክም አለ። የሚያሰጋው መሬት የወደቀው ሻካራ አይደለም፤ በመስኮት ብርሃን ውስጥ ሲዋኝ የሚታየው፣ ይልቁንም የማይታየው ነው።

ሻርፕ ፊት ላይ መጠምጠም ሻካራውን እንጂ የላመውን አያቆምም። ለብናኝ የተሠራ ጭምብል ያድርጉ፣ በተለይ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ። ልብስዎን በኮምፕሬሰር አየር አያራግፉ፣ የተቀመጠውን እንደገና ያስነሣል። ዓይን ውስጥ ከገባ አይሹት፤ በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፣ ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

ምድጃውን ሌሊት ቤት ውስጥ ለሙቀት ልተወው?

በፍጹም። ጭሱ ሲጠፋና ፍሙ ሲቀላ ሰው "አሁን በስሏል" ብሎ በሩን ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። የታፈነ ሰጋቱራ ደግሞ እንደ ከሰል ሁሉ በብዛት የሚያወጣው እሱን ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረዎት ወዲያው ወደ ደጅ ይውጡ፣ የተኛም ካለ ቀስቅሰው ያውጡ። ምድጃው ማደሪያው ደጅ ነው።

የሰጋቱራ ክምር ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል?

ይችላል። ትልቅና እርጥብ ክምር ሆዱ ውስጥ ሲበሰብስ ይግላል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ አንዳንዴ እስከ መጨስ ይደርሳል። ከዚያ የባሰው የተልባ ዘይት የነካው ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያወጣል፣ ሰጋቱራውም ሆነ የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በሰዓታት ውስጥ በራሱ ሊያያዝ ይችላል። ጨርቁን ደጅ ዘርግተው ያድርቁት፣ ሰጋቱራውን ውሃ አርከፍክፈው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡት።

የተያያዘ ክምር ሲያጠፉም ላዩን ብቻ አያርጥቡ። ላዩ አመድ ለብሶ የጠፋ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ለቀናት ይፋጃል። አንድ ጊዜ ከግቢያችን ጥግ ያለውን ክምር አጥፍተናል ብለን ሄድን፤ በሦስተኛው ቀን ድመቷ ልትተኛበት ወጥታ ጮኻ ዘለለች። አካፋ አምጥተን ስንገልጠው መሃሉ እንደ ሸክላ ምድጃ ቀልቶ ነበር።